የጋሽ ይስማው ጽሑፎች ሲሻገሩ

የአብደራፊው ገበሬ ስሜነህ አንድ ጠዋት ወደ ሽንፋው የሰሊጥ ምርምር ጣቢያ ደወለና «የላካችሁልኝን ጽሑፍ ከፈትኩት፤ ግን በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቀ።

ስልኩን ያነሳችው ተናኘወርቅ ነበረች። «በአማርኛ ነው» አለችው።

«ልጆቼን አሳየኋቸው፣ ጎረቤት አሳየሁ። ነጥብ አለው፣ የዶላር ምልክት አለው፣ አልፎ አልፎ የእንግሊዝኛ ፊደል አለው። አማርኛ ግን የለውም።»

ተናኘወርቅ ይቅርታ ጠየቀችውና ጽሑፉን ከራሷ ኮምፒውተር ላይ በስልክ አነበበችለት። ስሜነህ በትዕግሥት ሰምቶ አመሰገናት። እሷ ግን ስልኩን ስትዘጋ ተናዳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ የመጀመሪያው አልነበረም።

ተናኘወርቅ የሳንጃ ልጅ ናት። የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምራ በጣቢያው የመረጃ ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋ ጣቢያው ከተቋቋመ ጀምሮ የወጡትን የጥናት ጽሑፎች ጠብቆ ለፈለጋቸው ሰው ማድረስ ነው። ጽሑፎቹ በጣቢያው ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንበብ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። የቆዩት በታይፕ የተመቱ ገጾች ፎቶ ናቸው፤ በፒዲኤፍ የተቀመጡ ስለሆኑ ከባድ ናቸው፣ በቆላው ኔትወርክ አንዱን እስኪያወርዱ የስልክ ባትሪ ያልቃል። ከእነሱ ቀጥሎ የመጡት በድሮ ኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። ፕሮግራሙ በሌለበት ስልክ ሲከፈቱ ለስሜነህ የታየውን ነው የሚያሳዩት።

የጣቢያው ኃላፊ ነገሩን ያውቁት ስለነበር ከጎንደር የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠሩ። መንገዱ ተዘግቶ ቆይቶ ሲከፈት ካሌብ መጣ። ካሌብ ቀጭን፣ ቀልደኛ ወጣት ነው፤ የሽንፋን ሙቀት ግን ፈጽሞ አልቻለውም። በመጣ በማግሥቱ አንድ ሳፋ ውሃ አስመጥቶ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ፣ እግሩን እዚያ ውስጥ ነክሮ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌላም ሳፋ ተገዝቶ ለተናኘወርቅ ቀረበላት።

«ፒዲኤፉ የወረቀት ሥዕል ነው» አላት ካሌብ። «ስልኩ ሥዕሉን ያሳያል እንጂ የተጻፈውን አያውቅም። ጽሑፎቹን የምናሻግርበት አዲሱ ቅርጽ ግን ፊደሉን ራሱን ነው የሚይዘው። በስልኩ ስፋት ልክ ይታጠፋል፣ ቢፈልጉ ይተልቃል፣ ቃል ይፈለግበታል። ዓይኑ ለማያይ ሰው ደግሞ ስልኩ ድምፅ አውጥቶ ያነብለታል። ክብደቱም ቀላል ነው።»

በድሮ ኮምፒውተር የተጻፉት ብዙም አላስቸገሩም። ካሌብ የድሮውን ፊደል ከዛሬው ጋር የሚያዛምድ ፕሮግራም ጻፈ፤ የዶላር ምልክቱና ነጥቡ እየተገለበጠ አማርኛ ሆነ። ችግሩ በታይፕ የተመቱት ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ፎቶውን እያየ ፊደሉን ይገምታል፤ ቀለሙ ደብዛዛ ሲሆንበት «አረም»ን «እረም» ይላል፣ «ዘር»ን «ዝር» ይላል። ይህን ተናኘወርቅ እያነበበች ታርመዋለች። ቀለሙ ክፉኛ የለቀቀበት ቦታ ግን ከጸሐፊው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እንዲህ ያሉት ገጾች አብዛኞቹ የአንድ ሰው ሥራ ነበሩ። ጸሐፊው አቶ ይስማው ይባላሉ።

ጋሽ ይስማው በወጣትነታቸው ከጎጃም ወደ ቆላው ወርደው ዕድሜያቸውን በጣቢያው የፈጁ ተመራማሪ ናቸው። ጡረታ ሲወጡም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ከባለቤታቸው ከእትዬ ውባንች ጋር ሽንፋ ከተማ ቤት ሠርተው ቀሩ። ግላኮማ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም። ተናኘወርቅ ላፕቶፕዋን ይዛ በባጃጅ ቤታቸው ሄደች፤ የመጣችበትንም ነገረቻቸው።

«የእኔን ጽሑፎች?» አሉ፣ የጎጃም ቅላጼያቸው አሁንም ሳይለቃቸው። «እነሱን የሚያነብ ሰው አለ?»

«አለ ጋሼ። ማንበብ አልቻለም እንጂ የሚፈልጋቸው ሞልቷል።»

«እንግዲያ ተቀመጪ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተናኘወርቅ ጠዋት ጠዋት ትመጣ ጀመር። የሚቀመጡት በግቢው ራኩባ ሥር ነው፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ክፍት ስለሆነ እስከ ረፋዱ ድረስ ነፋስ ይገባዋል። እትዬ ውባንች በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዱላቸዋል። ተናኘወርቅ ታነባለች፣ ጋሽ ይስማው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«እዚህ ጋ ጠፍቷል። ‹ሰሊጡ ማበብ ከጀመረ በኋላ› ይልና ባዶ ነው። ቀጥሎ ‹ይረግፋል› ይላል።»

«‹ውሃ ከተኛበት አበባው ይረግፋል።› ያን ክረምት እርሻው ኩሬ ሆኖብን ነበር። በጎማ ጫማ ነበር የምንገባው።»

ተናኘወርቅ ገጹን አጉልታ ከቀለሙ የተረፉትን የፊደል እግሮች አንድ በአንድ ታያለች። ከተባለው ቃል ጋር ሲገጥሙ ትጽፈዋለች። ካልገጠሙ ደግማ ትጠይቃለች፤ ጋሽ ይስማውም «እንዲያ ከሆነ ሌላ ነው ያልኩት» ብለው እንደገና ያስባሉ።

አንዳንዴ ይጣላሉ። አንድ ቀን ጋሽ ይስማው አቋረጧትና «‹መሆኑ ሊስተዋል ተችሏል› የሚለውን አውጪልኝ» አሉ። «እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ልጅ ነበርኩ። ‹አየን› በይበት።»

«አልችልም ጋሼ። እኔ አሻጋሪ ነኝ። የተጻፈው እንደተጻፈ ነው የሚሻገረው። ዛሬ አንዱን ቃል ካሳመርን ነገ ቁጥሩን የሚያሳምር ይመጣል።»

ጋሽ ይስማው «እሺ፣ ከነአረሙ ይሻገር» አሉ።

የመጀመሪያዋ ጽሑፍ አልቃ በአዲሱ ቅርጽ የተቀመጠች ዕለት ተናኘወርቅ በጋሽ ይስማው ስልክ ላይ ከፈተችላቸውና ስልኩ እንዲያነብ አደረገች። የሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛውን ታውቀዋለች፣ ማጥበቅና ማላላቱ ግን ይምታታባታል። «ሰሊጡ ገና ሳይበቅል» የሚለውን ስታነብ «ገና»ን አጥብቃ በዓሉን አደረገችው።

«በገና ነው እንዴ ሰሊጥ የዘራችሁት?» አሉ እትዬ ውባንች ከጓዳ፤ ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ይስማው ግን ጽሑፉ እስኪያልቅ ከስልኩ አልራቁም። ሲያልቅ «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ የራሴን ሥራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ደግመው አስነበቡት። ተናኘወርቅ በዚያን ቀን ወደ ጣቢያው ስትመለስ ሙቀቱም አቧራውም አልተሰማትም።

ሥራው በዚህ ሁኔታ ሰላም ሆኖ ቀጠለ። የጋሽ ይስማው ትልቁ ጽሑፍ ተራ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሰሊጥ የመዝሪያ ጊዜን የሚመለከት ነው። ዝናቡ ገብቶ መሬቱ እንደራሰ፣ ሳይውል ሳያድር ሰሊጥ መዘራት አለበት ይላል። በቆላው ሁሉ የታወቁት በእሱ ነው፤ ገበሬው «የይስማው ዘር» እያለ በዚያ ምክር ሲዘራ ኖሯል። ካሌብ ደግሞ በአዲሱ ቅርጽ ላይ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ በአንድ ጉዳይ ላይ በኋላ ሌላ ጥናት ከወጣ፣ ከድሮው ጽሑፍ አናት ላይ ማስታወሻ ይወጣል፤ ማስታወሻው ሲነካ ወደ አዲሱ ጽሑፍ ይወስዳል። ተናኘወርቅ ለዚህ ጽሑፍ ማስታወሻ መደረጉን አታውቅም ነበር። ለሙከራ ስልኩ ላይ ከፈተችው፤ የስልኳ ሴት ከርዕሱ በፊት እንዲህ ስትል ተሰማች፦ «የዚህ ጥናት ምክር በኋላ በተደረገ ጥናት ተሽሯል።»

ጋሽ ይስማው ወደ ስልኩ ያዘነበለ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ።

«ተሽሯል?» አሉ። «ማን ነው የሻረው?»

«የመክሊት ጥናት ነው ጋሼ። ከእርስዎ በኋላ የገባች ተመራማሪ ናት፤ አሁን አብደራፊ ባለው የሙከራ እርሻ ነው የምትሠራው።»

የመክሊት ጽሑፍ የወጣው የጋሽ ይስማው ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። ያነበበላቸው ሰው አልነበረም፤ መኖሩንም አልሰሙም።

«ይሄውልሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዚያ ምክር የዘራ ገበሬ አምርቷል። በሽንፋ ዙሪያ ያለውን ሰው ጠይቂ። አሁን ሰው ወደ እኔ ሲመጣ በበሩ ላይ ‹ውስጥ ያለው ሐሰት ነው› ብላችሁ ልትለጥፉብኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እንዲያ ለማለት አይደለም…»

«ለዛሬ ይበቃናል» አሉና ተነሡ። እትዬ ውባንች እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው።

በማግሥቱ ተናኘወርቅ ስትመጣ እትዬ ውባንች በር ላይ ተቀበሏት። «ትንሽ አሞታል» አሉ፤ ዓይኗን ግን አላዩም። ከዚያ በኋላም ስትመጣ ያው ሆነ።

ካሌብ ስትነግረው ደነገጠ። «‹ተሽሯል› ያልኩት እኔ ነኝ። አጭር ቃል ስለሆነ ነው። ማጥፋት ቀላል ነው፤ አሁኑኑ ላውጣው?»

ተናኘወርቅ እግሯን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ብዙ አሰበች። ጋሽ ይስማውን ትወዳቸዋለች። ማስታወሻው ቢወጣ ነገ ራኩባው ሥር ተቀምጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ስሜነህ ግን ትዝ አላት።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «እስከ አሁን ይህን ጽሑፍ በስልኩ መክፈት የሚችል ገበሬ አልነበረም። ከአሁን በኋላ ሁሉም ይከፍተዋል። አንዱ ይህን ብቻ አንብቦ ዘርቶ ዘሩ ቢደርቅበት፣ ጽሑፉን ቤቱ ድረስ ያደረስንለት እኛ ነን። ቃሉን እናለዝበው እንጂ ማውጣትስ አይቻልም።»

«ተከታይ ጥናት አለ» በሚል ተካችው። ቀጥላም የመክሊትን ጽሑፍ ከተራው አስቀድማ ወደ አዲሱ ቅርጽ አሻገረችው። ሲያልቅ ወደ ጋሽ ይስማው ቤት ሄደች። እትዬ ውባንች «አሞታል» ከማለታቸው በፊት «እትዬ፣ እኔ አላስቸግራቸውም። ይህን ብቻ ያሰሟቸው» ብላ ስልኩን የት የት እንደሚነኩት አሳየቻቸው። እትዬ ውባንች ፈገግ አሉና «ራስሽ ግቢና አሰሚው፤ እኔ ስልክ መነካካት አልችልበትም» አሏት።

ጋሽ ይስማው ራኩባው ሥር ነበሩ። ሰላምታዋን በአጭሩ ተቀበሏት። ተናኘወርቅ «የመክሊት ነው» ብላ ስልኩን አጠገባቸው አስቀመጠችና ከፈተችው።

የስልኳ ሴት በዚያ ባልለየለት አማርኛዋ ማንበብ ጀመረች። ጋሽ ይስማው ፊታቸውን በግቢው ወዳለው የኒም ዛፍ አዙረው ይሰሙ ነበር። ጽሑፉ መሃል ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሙከራ የተካሄደው ይስማው በተጠቀሙባቸው መደቦች ላይ ነው። እርሳቸው ለዓመታት የለኩት ዝናብ ባይታወቅ ኖሮ የዝናቡ አመጣጥ መለወጡን ማሳየት አይቻልም ነበር። የእርሳቸው ምክር ለዚያ ጊዜ ዝናብ ትክክል ነበር። ዛሬ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ስለሚጠፋ ቡቃያው ይደርቃል። ስለዚህ አረሙ አንድ ዙር እንዲበቅል ጠብቆ፣ በትራክተር ገልብጦ፣ ዝናቡ ሲደግም መዝራት ይሻላል።»

«መልሺው» አሉ ጋሽ ይስማው።

መለሰችው።

«ዝናቡ ከጣለ በኋላ ለስንት ቀን ያህል ነው የሚጠፋው የምትለው?»

«አላውቅም ጋሼ። ሠንጠረዡ ላይ አለ።»

«አንብቢልኝ እንግዲያ።»

ሠንጠረዡን ራሷ አነበበችላቸው። ጋሽ ይስማው በየመሃሉ «እ» ይላሉ፣ አንዳንዴም ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመታሉ። ሲያልቅ ፊታቸው ላይ ቁጣው አልነበረም።

«ከታች በኩል፣ ከወንዙ አጠገብ ያሉትን መደቦች የት አደረገቻቸው?» አሉ። «እነሱ ዋልካ፣ ጥቁር አፈር ናቸው፣ ውሃ ይይዛሉ። ይቺን ልጅ ጥሪልኝ።»

መክሊት ከአብደራፊ ማሽላ በጫነ አይሱዙ ተሳፍራ መጣች። ከጣቢያው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ባጃጅ ውስጥ ተናኘወርቅን «ተቆጥተዋል?» እያለች ደጋግማ ጠየቀቻት። ጋሽ ይስማውን በሩቅ እንጂ በቅርብ አታውቃቸውም፤ ተማሪ ሳለች ግን የእርሳቸውን ጽሑፎች ፎቶ ኮፒ እያደረገች ነበር ያጠናችው።

ገብታ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ጋሽ ይስማው ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። «የታች መደቦች» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«ሙከራውን ባደረግሁበት ዓመት ወንዙ ሞልቶ ወሰዳቸው ጋሼ። ከጥናቱ አወጣኋቸው።»

«እንዲያ ካልሽ ልክ ነሽ። እዚያ ላይ አንድም ቀን ደህና ውጤት አግኝቼ አላውቅም። ግን ጽፈሽዋል?»

«በግርጌ ማስታወሻ።»

«ስልኳ አላነበበችውም» አሉ ጋሽ ይስማው ወደ ተናኘወርቅ ዞረው።

ተናኘወርቅ ስልኩን አየች። እውነት ነው፣ አዲሱ ቅርጽ የግርጌ ማስታወሻዎችን ስልኩ እንዲዘላቸው አድርጎ ነበር። ይህንንም ለካሌብ ደውላ ነገረችው፤ ካሌብም «እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ዛሬ ይስተካከላል» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተመራማሪዎች ተናኘወርቅን ረሷት። ስለ አረም ተከራከሩ፣ ስለ ዋልካና ቀይ አፈር ተከራከሩ። ጋሽ ይስማው አጥብቀው ጠየቁ፤ መክሊት ያወቀችውን መለሰች፣ ያላወቀችውን «አልሞከርኩትም» አለች። እትዬ ውባንች ምሳ አቅርበው፣ እንጀራው እንዳይደርቅ «ብሉ እንጂ» እያሉ ቢወተውቱም ንግግሩ በየጉርሻው መሃል ቀጠለ። መክሊት ፍርሃቷ ለቋት በእጇ ጠረጴዛው ላይ መደቦችን እየሳለች ታስረዳ ነበር፤ ጋሽ ይስማው እንደማያዩ ትዝ ሲላት ጣታቸውን ይዛ በዚያው መስመር ላይ አስኬደችው።

እጅ ሲታጠቡ ጋሽ ይስማው «ያ ማስታወሻ አሁን ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«‹ተከታይ ጥናት አለ› ነው የሚለው ጋሼ» አለች ተናኘወርቅ። «ያኛውን አጥፍተነዋል።»

«ገበሬ ይህን ሰምቶ ምን ያደርጋል?»

ተናኘወርቅ ማስታወሻውን ስልኩ ላይ ከፍታ ለራሷ ደግማ አነበበችው።

«ምንም አያደርግም። የሰማውን የድሮውን ይዞ ይዘራል። ለእኔ ብለሽ አለዘብሽው፤ ገበሬው የሚፈልገው ግን የሚዘራበትን ቀን ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ‹የመዝሪያ ጊዜውን ከዚህ ጽሑፍ አትውሰዱ። ዝናቡ ተለውጧል። ከመክሊት ጥናት ውሰዱ።› የጽሑፌን ቃል ግን እንዳትነኪ።»

«ጽሑፉ አይነካም። ማስታወሻው የእኛ ነው፤ እንዳሉት ይሆናል። ስምዎን ከሥሩ ላድርገው?»

«አድርጊው። እኔ ራሴ እንዳልኩት ይወቁ።»

መክሊትም «ጋሼ፣ ለዘንድሮው ሙከራ ጣቢያው ተሽከርካሪ ይልካል። መደቦቹን ስናወጣ ቢመጡ ደስ ይለኛል» አለች።

«ምን ላይ ነው የምትሠሪው?»

«ከታጨደ በኋላ ሰሊጡ በሂላ ሆኖ ሲደርቅ ስለሚረግፈው ፍሬ።» ሂላ ገበሬው የታጨደውን ሰሊጥ እያሰረ ቀጥ አድርጎ የሚደግፈው ክምር ነው።

«እሱን ማንም በደንብ አልሠራውም» አሉ ጋሽ ይስማው። «እኔም አልሠራሁትም። እመጣለሁ።»

የቀሩት ጽሑፎች ከዚያ በኋላ በፍጥነት አለቁ። ካሌብ የግርጌ ማስታወሻውን አስተካከለ፤ ተናኘወርቅም የተሻገሩትን ገጾች ከድሮዎቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየች። የድሮዎቹ ፒዲኤፎችም አልተጣሉም፤ ማመሳከር ለሚፈልግ ሰው ከየጽሑፉ ግርጌ ተቀመጡ። አዲሱ ማኅደር ለሕዝብ የተከፈተው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ገበሬው ትራክተሩን ማስጠገን በጀመረበት ሰሞን ነው። ካሌብ ሳፋዎቹን ለተናኘወርቅ አውርሶ ወደ ጎንደር ሄደ።

ጥሪው አልቀረም፤ ግን ሌላ ሆነ። ከመተማ ዮሐንስ የደወለ አንድ ባለ እርሻ የመክሊትን ሠንጠረዥ አንብቦ የዝናቡን መድገም በምን እንደሚለይ ጠየቃት። አንዲት ሴት ስለ ማሽላ ነቀዝ የተጻፈውን ስልኳን እያስነበበች ለእናቷ እንደምታሰማ ነገረቻት። ተናኘወርቅ ለእያንዳንዱ መለሰች፤ የማታውቀውን ወደ ተመራማሪዎቹ አዞረች። ማታ ቤቷ ስትገባ ድምፅዋ ይደክም ነበር፣ ቅር ግን አላላትም።

አንድ ቀን እትዬ ውባንች ደወሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቀን መተኛት ትቷል» አሉ። «የራሱን ጨርሶ አሁን የሌሎቹን ነው የሚያስነብበው። ከስልኳ ሴትዮ ጋር ይከራከራል። ‹ይህንስ ከየት አመጣሽው?› ይላታል፤ እሷ ዝም ብላ ታነባለች።»

«ምን ላይ ደረሱ እትዬ?»

«ማሽላ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ጥጥ አለ ወይ በያት ይላል።»

«አለ» አለች ተናኘወርቅ እየሳቀች። «ለሳምንት የሚበቃ አለ። አሁን እልክላቸዋለሁ።»